ነዳጁን ማን በላው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም ገጹን አትለፉት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ድሮ መኪና ባለበት ቤት የነዳጅ ወሬ የሚነሳው ረጅም ጉዞ ሲታሰብ ነበር። አሁን ከጤፍና ከዘይት እኩል በወር ወጪ ውስጥ ይጻፋል። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ ከ101 ብር በላይ ሆነ። ከማደያ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ሲገዛማ ዋጋውን የሚቆርጠው ሻጩ ነው። በዚህ ዘመን አምስት ሊትር "ጠፋ" ሲባል የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መተማመንም አብሮ ይሄዳል።

ከቡሬ አንድ አያት የላኩልን ደብዳቤ ይህንኑ ይናገራል። አሳጥረን እናቅርበው።

"ልጄ አዲስ አበባ ሲሠራ የገዛት ባለ ሁለት በር አሮጌ ቢኤምደብልዩ አለች። የሩጫ መኪና ናት ይላሉ። እሱ ውጭ አገር ሲሄድ እኔ ዘንድ ተዋት። የሚነዳት የልጅ ልጄ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለው። እኔን ለሕክምና ፍኖተ ሰላም ያመላልሰኛል፣ ለቅሶም ሠርግም ያደርሰናል። ዳሽቦርዱ ላይ 9.1 የሚል ቁጥር ይታያል። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ዘጠኝ ሊትር ከምናምን ትበላለች ማለት ነው አለኝ። ባለፈው 380 ኪሎ ሜትር ሄደን ስናስሞላ 40 ሊትር ጠጣች። በመኪናዋ ቁጥር ቢሰላ ግን 35 ሊትር እንኳ አይሞላም። አምስቱ ሊትር የት ገባ? ሳላስበው 'ሸጠኸው ይሆን እንዴ?' አልሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አልነዳም አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?"

አባቴ፣ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እኛም እናውቀዋለን። መጠርጠሩ ነውር የለውም። ጥያቄው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማን ነው የሚለው ነው። በእርስዎ ቤት ሁለት ምስክሮች ቆመዋል፤ አንደኛው የልጅ ልጅዎ፣ ሁለተኛው የዳሽቦርዱ ቁጥር። ልጁን ያውቁታል። ቁጥሩን ግን ከየት እንደሚያመጣው ሳይጠይቁ አመኑት።

ያ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ከሰርባቶዮው የወጣውን ነዳጅ ለክቶ የሚናገር ይመስለዋል። አይለካም፤ ይገምታል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ቤንዚኑን ወደ ሞተር የሚረጩ ኢንጀክተሮች የሚባሉ ትንንሽ አፎች አሉ። የመኪናው ኮምፒውተር እነዚህ አፎች ለስንት ጊዜ እንደተከፈቱ ይቆጥርና "ይህን ያህል ከተከፈቱ ይህን ያህል ነዳጅ ወጥቷል" ብሎ ያሰላል። ስሌቱ የተሠራው መኪናዋ አዲስ ሳለች ነው። ዓመታት አልፈው አፎቹ ሲያረጁና ሲያንጠባጥቡ፣ ወይም የነዳጅ ፖምፓው ግፊት ሲለወጥ፣ ኮምፒውተሩ አያውቅም። የድሮውን ሒሳብ ይዞ ይቀጥላል።

ርቀቱንም ቢሆን መንገዱን ለክቶ አያገኘውም። የጎማውን መዞር ይቆጥርና በአንድ ዙር ይህን ያህል ሜትር ይሄዳል ብሎ ያባዛል። ጎማው ከተቀየረ ሒሳቡም ይዛባል። ስለዚህ 9.1 የሚለው ቁጥር የሁለት ግምቶች ልጅ ነው። በዚህ ማስረጃ ሰው አይከሰስም።

በቅደም ተከተል እንፈትሽ

አንደኛ፣ ቁጥሩ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ይወቁ። እኛ አገር "በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ነው የሚባለው፤ በዚህ አነጋገር ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው። የአውሮፓ መኪኖች ግን ለመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ነው የሚያሳዩት፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጥሩ። መቶን ለቁጥሩ ማካፈል ነው፤ 9.1 ማለት በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ደግሞ በጋሎን ስንት ማይል ይላል፤ 20 ቢል በእኛ 8.5 ኪሎ ሜትር በሊትር መሆኑ ነው። ቁጥሩን ሳይተረጉሙ የሚጣሉ አባትና ልጅ ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛ፣ አማካዩ ቁጥር መቼ ዜሮ እንደተደረገ ይጠይቁ። መኪናዋ የምታሳየው ካለፈው ዜሮ ወዲህ ያለውን ሁሉ ደምራ ነው። ልጅዎ አዲስ አበባ ሳለ፣ ምናልባትም በረጅም አስፋልት ላይ የተጠራቀመ አማካይ እስካሁን ተሸክማ ሊሆን ይችላል። በሚያስሞሉበት ዕለት አማካዩንም የጉዞ ቆጣሪውንም አብረው ዜሮ ያድርጓቸው።

ሦስተኛ፣ እውነተኛውን ልኬት ይውሰዱ። ለዚህ ጋራዥ አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሰርባቶዮውን ፉል ያስሞሉ። የማደያው አፍ ራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም ያብቃ። ቀጂው ብሩን ደፍኖ ሒሳብ ለማቅለል ጥቂት እንዳይጨምር አስቀድመው ይንገሩት፤ ያቺ ጥቂት ናት ስሌቱን የምታበላሸው። ከዚያ እንደ ወትሮው ይንዱ። ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ፖምፓ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና እስከ ጠቅታው ያስሞሉ። አሁን የገባው ሊትር የበላችው ነው። የሄዱትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ። የእርስዎ 380 ለ40 ሲካፈል 9.5 ይመጣል።

ይህንን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። አንዴ ብቻ ከሆነ የሰርባቶዮው ሙላት ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለት፣ የአየሩ ሙቀትም ጭምር ያሳስታል። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለያይ በግማሽ ሊትር ገደማ ይለያያል። ሦስቱን ጉዞ ደምረው ሲያካፍሉ እነዚህ ስሕተቶች ይዋዋጣሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ስለተደረገ የክፍያው መልእክት ስልክዎ ላይ ይቀራል። ቀኑንና ብሩን ከዚያ መዝግቡ፤ ሊትሩን ከማደያው ቆጣሪ።

ነዳጅ በራሽን ሆኖ ፉል ማስሞላት ካልተቻለስ? የነዳጅ መብራቱ ሲበራ ሜዳ ላይ ቆመው በታወቀ መለኪያ አሥር ሊትር ይጨምሩ፤ መብራቱ እንደገና እስኪበራ የሄደችውን ኪሎ ሜትር ይያዙ። እንደ መጀመሪያው ዘዴ አያስተማምንም፤ ግን ከግምት ይሻላል። ይህን ከከተማ ሳይርቁ ያድርጉት። ጀሪካን አንገቱ ድረስ ሲሞላ ከተጻፈበት በላይ ሊይዝ ስለሚችል "አንድ ጀሪካን" ማለት ልኬት አይደለም። ደግሞ አደራ፣ ቤንዚን ልጆች ካሉበት ክፍልና ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣትም ሳንባን ያቃጥላል፣ ይገድላል።

መንገዱም ይዋሻል

ቡሬ ያላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ከቡሬ ወደ ኮሶበር የሚወስደው መንገድ እየወጣ ነው የሚሄደው፤ ወደ ነቀምት የሚወስደው ደግሞ ወደ አባይ ይወርዳል። ስለዚህ የመሄጃውን ብቻ ወስዶ "ዛሬ ብዙ በላች፣ ትናንት ትንሽ በላች" ማለት አይቻልም። ደርሶ መልሱን አንድ ላይ መለካት ነው።

የዳሽቦርዱ ቁጥር በቁልቁለት ላይ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። ኢንጀክተር ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ ቁጥሩም ዜሮ ድረስ ይወርዳል። ከጎሐጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስትወርዱ አማካዩ ውብ ይሆናል፤ ወደ ደጀን ስትወጡ ያው ብድሩ ይከፈላል።

እዚህ ላይ ለሚነዱ ልጆቻችሁ አንድ ምክር አድርሱልን። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መልቀቅ የሞት መንገድ ነው፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል። ትርፍም የለውም። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል፤ ማርሽ ውስጥ ሲሆን ነው የማይበላው።

ጎማውና ቸርኬው

አራተኛው ፍተሻ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። የሩጫ መኪና የገዛ ወጣት መጀመሪያ የሚቀይረው ቸርኬና ጎማ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። ካልተመሳሰሉ ከጥፋተኞቹ አንዱ ተገኘ ማለት ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ቆጣሪው መንገዱን ያሳንሳል።

ምን ያህል እንደሚያሳንስ ለማወቅ የልጅ ልጅዎ ስልክ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይበቃል። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ደርሳችሁ ስትመለሱ ስልኩ የለካውንና ቆጣሪው የለካውን አስተያዩ። ለምሳሌ ቆጣሪው ከመቶው አምስት እጅ ቢያሳንስ የእርስዎ 380 ኪሎ ሜትር በእውነቱ 399 ነው። 399 ለ40 ሲካፈል በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል እንጂ 9.5 አይሆንም። አዩ አባቴ፣ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ መኪናዋ በሊትር የምትሄደው ቁጥር በጎማ ምክንያት ተለወጠ።

የቀረው ልዩነት የኮምፒውተሩ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ብዙ የቢኤምደብልዩ መኪኖች ውስጥ ለዚህ የተቀመጠ የእርማት ቁጥር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ 1000 ነው። እውነተኛውን ፍጆታ ዳሽቦርዱ ላይ ለሚታየው አካፍሎ በ1000 ማባዛት ነው። በምሳሌያችን እውነቱ ለመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ሆኖ ዳሽቦርዱ 9.1 ካለ፣ አዲሱ ቁጥር 1100 ገደማ ይሆናል። ማስተካከያው የተደበቀ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። መጀመሪያ ግን ጎማው ይስተካከል፤ አለዚያ በተጣመመ ላይ መገንባት ነው።

ዲኤክስና ቪትዝ ላላችሁ

በየቤቱ ያለው ቢኤምደብልዩ አይደለም። አሮጌ ዲኤክስ የመሰለ ካርቡራቶር ያለው መኪና ይህ ኮምፒውተር የለውም፤ የሚያጣላው የነዳጅ ጌጁ ነው። ጌጁ የሚሠራው ሰርባቶዮ ውስጥ በምትንሳፈፍ ኳስ ነው። ኳሷ ከፍና ዝቅ ስትል የኤሌክትሪኩ ኃይል ይለዋወጣል፣ መርፌው ይንቀሳቀሳል። መገናኛው ሲያረጅ ወይም ሽቦው ሲዝግ መርፌው የፈለገውን ይናገራል። ሽቅብ ሲቆምና ቁልቁል ሲቆም ልዩ ልዩ ያነባል። ሰርባቶዮው ከላይና ከታች እኩል ስፋት ስለሌለውም የመጀመሪያው ግማሽ ዝግ ብሎ፣ ሁለተኛው ግማሽ ሮጦ የሚወርድባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። "ማታ ግማሽ ነበር፣ ጠዋት ሩብ ሆነ" ብላችሁ ዘበኛውን ከመጠርጠራችሁ በፊት መኪናው ማታና ጠዋት የቆመበት ቦታ ሜዳ መሆኑን እዩ።

በእርግጥ ብዙ የሚበላ መኪናም አለ። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ አንጻር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ወጥቶ ጥቀርሻ ከለበሰ ምልክቱ እሱ ነው። የአቧራ መንገድ ፊልትሮውን ይደፍናል። የጎማ ንፋስ ማነስና የተያዘ ፍሬንም ነዳጅ ይበላሉ። አንዳንድ ጋራዦች ደግሞ ሞተር ጋለ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ያኔ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፤ ኢንጀክተር ያለው መኪና ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ትርፍ ነዳጅ ይረጫል።

የመሣሪያ ስሕተትና የሰው እጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብተሩ ላይ ሦስት፣ አራት ልኬት ሲሰበሰብ እውነቱ ራሱ ይናገራል። የተሳሳተ መሣሪያ ስሕተቱ አይለዋወጥም። ሁልጊዜ በአንድ ወገን፣ ሁልጊዜ በተቀራራቢ መጠን ያሳስታል። ዳሽቦርዱ በየጊዜው ከመቶው አሥር እጅ ቢያሳንስ ያ የመሣሪያ ጠባይ ነው፤ ሌባ እንዲህ በሥርዓት አይሰርቅም።

በአንድ መንገድ ላይ በሊትር 10፣ እንደገና 10፣ ከዚያ በድንገት 7 ቢመጣ ግን የሚጠየቅ ነገር አለ። ያኔም ቢሆን ሰው ከመጠየቁ በፊት ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የቤንዚን ሽታ ካለ፣ መሬቱ ከራሰ፣ ያንጠባጥባል፤ ሳይሠራ አይነዳ፣ እሳት ያስነሳል። ቀጥሎ የተቀዳበትን ማደያ ቀይራችሁ ለኩ። ከመንገድ ዳር የተገዛ ከነበረ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ይሆናልና እሱንም አስቡ። ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልተገኘ ያን ጊዜ ልጁን ወይም ሾፌሩን ደብተሩን ገልጦ "ይህ ቁጥር ለምን ተለየ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። "ለምን ተለየ?" እና "ሸጠኸው ይሆን?" በጣም የተራራቁ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው መልስ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው።

ይህ ለባለ ባጃጆችም ለባለ ሚኒባሶችም ይሠራል። ገቢና ነዳጅ ተሰልቶ ለሾፌር በሚሰጥበት ቤት ሒሳቡ በዳሽቦርድ ወይም በ"ድሮ ይህን ያህል ነበር የምትበላው" ከሆነ አንዱ ወገን ይበደላል። ባለቤቱና ሾፌሩ አብረው ለክተው፣ አብረው ጽፈው የተስማሙበት ቁጥር ግን ለሁለቱም ዋስ ነው።

አባቴ፣ ለእርስዎ የምንለው አጭር ነው። ቀኑ ሳይገፋ የልጅ ልጅዎን ይጥሩት። "ሳልለካ ተናገርሁ፣ ይቅር በለኝ" ይበሉት። ሽማግሌ ለልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ አይቀንስም፤ ልጁም ነገ ለልጁ እንዲህ ማድረግን ይማራል። ከዚያ ደብተሩን እርስዎ ይያዙ፣ መሪውን እሱ ይያዝ፤ ሦስቱን ልኬት አብራችሁ ውሰዱ። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሁለታችሁም ያያችሁት ስለሚሆን የሚያከራክር አይኖርም።

የዳሽቦርዱ ቁጥር ቢስተካከልም ባይስተካከልም፣ ደብተሩ ከመኪናው ኪስ አይውጣ። ቀን፣ የቆጣሪው ንባብ፣ የገባው ሊትር፣ የተከፈለው ብር፤ አራት ዓምድ ብቻ። መኪናዋ መታመም ስትጀምር ከመካኒኩ በፊት የሚነግራችሁ እሱ ነው።